አትልቀቅ የማይባልበት ቤት

ጥቅምት 6

ለተከበሩት እትዬ፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስልኝ። እርስዎ፣ ጋሼ፣ ቤቱና ደጁ እንዴት ከርማችኋል? ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ታምሜያለሁ እንዳልል ጤነኛ ነኝ፤ ደህና ነኝ እንዳልል ደግሞ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የበላሁት አይስማማኝም፣ የተኛሁትም እንቅልፍ አይባልም። ፍርሃት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ይህን ሁሉ ዘመን ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልዎ "ምን ፈልጎ ነው?" እንደሚሉ አውቃለሁ። እናቴ በሕይወት ብትኖር ለእሷ ነበር የምጽፈው። እሷ ከሌለች ደግሞ ከዘመዶቻችን መካከል ገመድ የሚያውቅ ሰው ከእርስዎ በቀር የለም። እናቴ "የአጎቴ ልጅ እኮ ከወንድ እኩል ገመድ ይዛ ነው ያደገችው" እያለች ትኮራብዎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት የካርታ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ ቦታ አለ፤ ምንም አልተጻፈበትም። ጫካ ነው። ዳር ዳሩን የሚያውቁ አሉ፤ ውስጡን አይቶ የነገረን ሰው ግን የለም። አለቃችን ሰብስቦን "ገብቶ የሚቀይስ ፈቃደኛ ይኖራል?" አለ። እኔ "ለመሆኑ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?" ብዬ ለመጠየቅ እጄን አወጣሁ። አጨበጨቡልኝ። ጥያቄዬን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

"እምቢ አትልም ነበር?" ይሉኝ ይሆናል። እምቢ ለማለትም እኮ ጀግና መሆን ያስፈልጋል።

አሁን መንገድ በሚያልቅበት ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሆነን እየተዘጋጀን ነው። የጀርባውን መስኮት ሲከፍቱት ጫካው ይታያል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምበላው። አራት ነን። መሪያችን ብዙ ያወራል፣ ሲያወራም እጁ አያርፍም፤ ጫካ ገብቶ አያውቅም፣ ስለ ጫካ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሊነግርዎ ይችላል። አንዲት ነርስ አለች፤ ካልጠየቋት አትናገርም። ሌላው ጫኝና አውራጅ የነበረ ጉልበተኛ ነው። በሁሉ ነገር ስለሚስቅ ሳቂታው እንለዋለን። ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንኳን ጫካ ልገባ፣ አስፋልት ተሻግሬ አላውቅም። ውስጡ ስንት ወንዝ እንዳለ አናውቅም፤ በየወንዙ አንዱ ሲሻገር ሌላው ገመድ ይይዝለታል። እትዬ፣ የእኔን ገመድ ለማን ልስጥ? ሰውን ከገመዱ በፊት ማወቅ ይቻላል ወይ? እባክዎ ያስተምሩኝ።

ልጅዎ ደንባራው


ጥቅምት 24

ለልጄ ለደንባራው፤

ደጉን ያሰማኝ፣ ክፉውን ያርቅልህ፣ እግርህ ከሚረግጠው ፈጣሪ ቀድሞ ይርገጥልህ። እኛ አለን። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላው ተመስገን ነው። ጋሼህም ደህና ነው፣ ሰላም በዪልኝ ብሏል።

ደብዳቤህን ሳነብ ሳቅሁም፣ ሆዴም ባባ። ዶሮ አባርራህ አልጋ ሥር የገባህ ጊዜ "ደንባራው" ብለን ስም ያወጣንልህ እኛ ነን። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ይባል ነበር፤ በአንተ ላይ ደግሞ ጫካ ተጨመረ። ምነው ያን ጥያቄ አጠገብህ ያለውን ሰው በሹክሹክታ ብትጠይቀው? አሁንማ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ እንደነበር ታውቃለህ። ገመድ ያዥ ሲቀጥር ጡንቻ አያይም ነበር። አሸዋ የሞላ ጆንያ ጉድጓድ ውስጥ ያንጠለጥልና ገመዱን ለሰውዬው ይሰጠዋል፤ ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቀልድ ይነግረዋል። ዓይኑ ግን ከሰውዬው እጅ ላይ አይነሳም። ሲስቅ እጁ የሚላላውን "ወንድሜ፣ ደግ ሰው ነህ፣ ሌላ ሥራ ፈልግ" ብሎ ይሸኘዋል። ሲፈራማ ማንም ይይዛል ይል ነበር፤ ገመድ ያዥ የሚባለው እየሳቀ የሚይዝ ነው። ቀልዱም ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰውዬው ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሳለ መንገደኛ ብቅ ይልና "ወንድሜ፣ ወደቅህ እንዴ?" ይለዋል። "ኧረ እኔስ ድሮም እዚሁ ነኝ፤ ጉድጓዱን በላዬ ላይ ቆፍረውብኝ ነው!" እንዲህ ነው። አንተም ጆንያ ፈልግና ሞክራቸው።

ገመድ ላይ የምትጠሯቸው ቃላት ያዝ፣ ስጥ፣ ሳብ ብቻ ይሁኑ። ስጥ ማለት ቀስ እያልክ ገመድ ጨምርልኝ ማለት ነው። ልቀቅ የሚባለው ቃል ገመድ አጠገብ አይነሳም። አትልቀቅ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በአባቴ ቤት አይባልም ነበር፣ ዛሬ በእኔም ቤት አይባልም፤ ድመቷን እንኳ "ሥጋውን ተዪ" ነው የምንላት። ጉድጓድ የቃልን ራስ ይበላል፣ የሚመልሰው ጭራውን ብቻ ነው። አትልቀቅ ብለህ ብትጮህ ከላይ ያለው ሰው የሚሰማው ልቀቅ ነው። የወንዝ ጩኸትም ከጉድጓድ አያንስም። ስለዚህ ፈርተህም ቢሆን ያዝ በል። ሰዎችህን ቁርስ ላይም ሆነ መንገድ ላይ አስለምዳቸው። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ደግሞ የገመዱን ጫፍ ዛፍ ላይ ሳታስር እንዳትሻገር። ያዡ መልአክ ቢሆን እንኳ እሰር።

እትዬህ


ኅዳር 15

ለተከበሩት እትዬ፤

ጤናው ከእርስዎና ከጋሼ አይራቅ። ጉልበትዎን ቅዝቃዜ እንዳያገኘው ይጠንቀቁልኝ። እኔ አለሁ፤ ሰውነቴ ቀለል ብሏል፣ ልቤ ግን እንደከበደ ነው።

እንዳሉኝ ጆንያ አሸዋ ሞልቼ ከመጋዘኑ አግዳሚ ላይ አንጠለጠልኩ። መጀመሪያ መሪያችን ያዘ። ቀልዱን ገና ሳልጨርስ "አይ፣ እንደሱ አይደለም የሚነገረው፣ ላስተካክልልህ" ብሎ ሁለት እጁን ሲያነሳ ጆንያው እግሬ ሥር ዷ አለ። (ሌላ ቃል ጽፌ ነበር፣ የእርስዎ ቤት ትዝ ብሎኝ ሰረዝኩት።) ነርሷ ጥርሷን ነክሳ ያዘች፤ ጆንያው ከእሷ ስለሚከብድ ተረከዟ ከመሬት ተነስቷል። ጨርሼ ሳቋን ስጠብቅ "ከዚያስ? ሰውዬው እንዴት ወጣ?" አለችኝ። እስከ ዛሬም ትጠይቀኛለች።

ሳቂታው ግን እትዬ፣ "ወደቅህ እንዴ" የሚለው ላይ መሳቅ ጀመረ። "በላዬ ላይ ቆፍረውብኝ" ስል በጉልበቱ ተንበረከከ፣ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፣ ትንፋሽ አጠረው። እጁን አየሁት። ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር ነው። ጆንያው ጣት ያህል እንኳ አልወረደም። ስለዚህ የእኔን ገመድ እሱ እንዲይዝ ወሰንኩ። ቃላቱንም አስጠናኋቸው። መሪያችን ቃል በሳተ ቁጥር እቆጣዋለሁ፤ ስቆጣ ትንሽ ደፋር እመስላለሁ።

ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ እናንተ ቤት መጥተን ከጎረቤት ልጅ ጋር ስንታገል "ልቀቀኝ!" ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ምሳቸውን ትተው ብድግ ብለው ወጡ። የተቆጡኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ተደብቄ ዋልኩ። እሳቸውም ድሮ ገመድ ይይዙ ነበር እንዴ?

ሌላው ወሬ ደስ አይልም። እዚህ ያሉት እንጨት ቆራጮች ከአንድ ትልቅ ዛፍ ወዲያ አያልፉም። ለምን ስላቸው ጫማዬን አይተው ወሬውን ይቀይራሉ። ትናንት የመጋዘኑ ጠባቂ የእያንዳንዳችንን ዘመድ አድራሻ ወሰደ። "ለምንድነው?" ስለው "ለማንኛውም ነው" አለኝ። የእርስዎን ሰጠሁት። ይቅር ይበሉኝ፣ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።

ደንባራው


ታኅሣሥ 2

ለልጄ፤

ሰላምህ ይብዛ። እኛ ደህና ነን።

አድራሻዬን መስጠትህ ደግ አደረግህ፤ ዘመድ ለዚህ ነው። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ፖስተኛው በሩን ባንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የማንን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ብታውቅ! የውሃ ክፍያ ወረቀት ያመጣ ዕለት ሰውዬውን ደጅ ላይ አቁሜው "አንተ ክፈተው" አልኩት። ያበደች መስዬው ይሆናል።

ልጄ፣ አሁንም ቢሆን ተመለስ። ሰው ይስቅብሃል፤ ይሳቅብህ። ሰው የሳቀበት ሞቶ አያውቅም። ካርታውም ነጭ ቢሆን ማንን ይጎዳል? ሳቂታ ስላልከው ሰው ደግሞ ጻፍልኝ። እናት አለው? ሲቆጡት ምን ይሆናል? የሚስቅ ሰው ሲያዝን አያያዙ ከባድ ነው።

ጋሼህን ስለ ገመድ አትጠይቀው። ለእሱ በማነብለት ደብዳቤ ላይ ገመድ አታንሳ። ደህና ነው፣ ሰላም በዪልኝ ብሏል።

እትዬህ


ጥር 9

ለተከበሩት እትዬ፤

የቆየሁት ቀኝ እጄ ታስሮ ስለነበር ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሱኝ። አስቀድሜ በሕይወት መኖሬን ይወቁልኝ፤ የቀረውን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ዝናቡ ጉዟችንን ስላዘገየው መሪያችን "እስከዚያ እንለማመድ" አለና ከከተማው ወጣ ወዳለው ወንዝ ወሰደን። ወደ ጫካው የሚያስገባውም መንገድ በዚያው ነው። ወንዙ ከዳር ሲያዩት የሚናቅ ነው። ገመዱን ወገቤ ላይ ቋጠርኩ፣ ጫፉን እንዳሉኝ ዛፍ ላይ አሰርኩ። መሪያችን "ጊዜ ማባከን" ብሎ አጉረመረመ። ሳቂታው ያዘ። "ቀልዷን ልንገርህ?" አልኩት። "ኧረ ባክህ፣ አሁንማ የምትወድቀው አንተ ነህ" ብሎ ሳቀ።

መሃል ስደርስ የረገጥኩት ድንጋይ ከዳኝ። ውሃው አንገቴ ላይ ደረሰ፣ እግሬ መሬት አጣ። እትዬ፣ ሦስቱን ቃላት ቁርስ ላይ ሳይቀር ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ሌላው ሲሳሳት የምቆጣው እኔ ነኝ። ውሃው አፌ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ጥናት በኖ ጠፋ። የጮህኩትን መጻፍ አለብኝ፤ እርስዎ ቤት የማይባለውን ነው። አትልቀቅ ብዬ ጮህኩ።

ለቀቀ።

ገመዱ ወገቤ ላይ ሲላላ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ድንጋይ ጎኔን ሲመታኝና ሰማዩ ሲገለባበጥ ነው። የገመዱ ጫፍ ዛፉ ላይ ስለነበር አንድ ቦታ ላይ ለሁለት የቆረጠኝ እስኪመስለኝ ድረስ ይዞ አቆመኝ። ጎትተው አወጡኝ። የእጄ አንጓ ተሰብሯል። ነርሷ እያሰረችልኝ "ጫፉን አስረህ ባይሆን ኖሮ…" አለችና ፋሻውን አጠበቀች። "እትዬ ናቸው ያሉኝ" አልኳት።

ሳቂታው ከዚያ ወዲህ አልሳቀም። መጋዘኑ ጥግ ላይ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፣ እጁን ጭኖቹ መሃል ይደብቃል። መሪያችን ሊያባርረውና የሆቴል ዘበኛ ሊቀጥር ነው። ሳቂታው ለራሱ አንድ ቃል አልተከራከረም። በማግስቱ ብቻ አልጋዬ አጠገብ መጥቶ በዝግታ "ምን ነበር ያልከኝ?" አለኝ።

"ያዝ ነው ያልኩት" አልኩት።

"እሺ" ብሎ ሄደ።

ዋሸሁት። አስተማሪው ራሱ ወደቀ መባሉ አሳፈረኝ። ከእፍረቱ በታች ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እውነቱን ብናገር ሳቂታው ከእኛ ጋር ይቆያል፣ ከቆየ ያ እጅ እንደገና ገመዴን ይይዛል። ጫካውን መፍራት ትቻለሁ እትዬ። አሁን የምፈራው የእሱን እጅ ነው። ገመዱ ሲላላ የተሰማኝ ስሜት በቁሜም ይመጣብኛል፣ ውሃ ስጠጣም ይመጣብኛል። ዝም ብል ሰው እበድላለሁ፣ ብናገር እሞታለሁ። እርስዎ ይፍረዱኝ።

ደንባራው


ጥር 28

ለልጄ፤

ሕይወትህን ያተረፈልህ ስሙ ይመስገን። የተሰበረውን እጅህን የዳሰስኩ እየመሰለኝ ወረቀቱን ስዳስስ ሰነበትኩ። የዘገየሁት መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱን ስለማውቀው ፈርቼ ነው፤ እየጀመርኩ ስንቱን ቀደድኩት።

ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ ያልኩህ ጊዜ ይኸው መጣ። ታላቅ ወንድም ነበረኝ። እናትህ በበሽታ ሞተ ብላህ ይሆናል፤ ለልጆች የምንናገረው እንደዚያ ነው። የሞተው ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዚያ ቀን አባቴ አልነበረም። ወንድሜ ወረደ። ገመዱን የያዘው አባቴ በቀልድ ፈትኖ የቀጠረው ወጣት ነው፤ ጥርሱ አይከደንም፣ እጁ አይላላም። እኔ አጠገቡ አፈር እደፋለሁ። ግድግዳው መናድ ሲጀምር ወንድሜ ጮኸ። እኔም ሰምቻለሁ ልጄ፤ ሁለታችንም የሰማነው ልቀቅ ሲል ነው። የወንድሜ ቃል ነው፣ ያውቅበታል ብሎ ወጣቱ ለቀቀ። ወንድሜ እንዲህ እንደማይል ገብቶት፣ የቃሉን ራስ ጉድጓዱ እንደበላው የነገረን ኋላ የመጣው አባቴ ነው። ጫፍ ማሰር የጀመርነውም ከዚያ በኋላ ነው።

ያንን ወጣት ታውቀዋለህ። በየደብዳቤዬ ሰላም በዪልኝ ብሏል የምልህ እሱ ነው።

እናቴ ሠርጌ ላይ አልተገኘችም። አባቴ ግን መጥቶ መረቀን። ወንድሜን የቀበርን ሰሞን ገመዱን ይዞ እቤቱ ድረስ ሄዶ "ነገ ሥራ አለ፣ ትይዛለህ" ብሎት ነበር። ጋሼህ እጁን ወደ ኋላው ሰበሰበ። እኛም "ተወው፣ አታስጨንቀው፣ ይረፍ" አልን። አዘንለት። ሰፈሩ ሁሉ አዘነለት። እንደ ማዘናችን የጎዳው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ገመድ እጁ አልገባም፣ ጥርሱንም አላየሁትም። "እኔም የሰማሁት እንደ አንተው ነው" ብዬ ስንት ዘመን ነገርኩት። "አዝነሽልኝ ነው" ይለኛል። ትክክል ሰምተሃል ብሎ ሊያሳምነው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከጉድጓዱ በሕይወት አልወጣም።

አንተ ግን ወጥተሃል። አፍ አለህ። ታዲያ ምላስህን ምን ያዘው? ሂድና መሪህም ሰዎችህም በሚሰሙበት ንገረው። ከዚያም ገመዱን መልሰህ ስጠው። እምቢ ቢልህ አትዘንለት፤ ስጠው።

የዛሬው ፊደሌ ካንተ የባሰ መንጋደዱን ታያለህ። ያ እጅ ዳግመኛ ቢሳሳት የገደልኩህ እኔ ነኝ። አውቄው ነው የምጽፈው። ተመለስ ብዬ ብጽፍ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። መመለስ ከፈለግህም በሩ ክፍት ነው፤ ግን ነግረኸው ተመለስ።

እትዬህ


የካቲት 14

ለተከበሩት እትዬ፤

ሰላምታዬን ከእነ ምስጋናዬ ይቀበሉኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ጋሼ ያን ቀን ምሳቸውን ትተው ሲወጡ የነበረው ፊታቸው መጣብኝ። ያኔ ያየሁት ቁጣ አልነበረም።

ነገርኩት። መሪያችን የሆቴሉን ዘበኛ አምጥቶ ስለ ጫካ ሲያስረዳው ተነስቼ በሁሉም ፊት "እኔ አትልቀቅ ነበር ያልኩት፣ ያዝ አላልኩም፣ ዋሽቻለሁ" አልኩ። የመሪያችን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ላይ ቆሞ ቀረ። ሳቂታው ከጆንያው ተነሳና "'አት' የምትባለዋ ነበረችበት?" አለኝ።

"ነበረችበት።"

"እኔ አልሰማኋትም።"

"አውቃለሁ። ማንም አይሰማትም።"

ወጣ። ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ቧንቧ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ሲመለስ ፊቱ ረጥቧል። "ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔ አልይዝም" አለ። መሪያችን "ደግ ነው፣ አታስጨንቁት" ሊል ሲጀምር የእርስዎ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ገመዱን ወገቤ ላይ ቋጠርኩ፣ ሌላውን ጫፍ እጁ ላይ ጣልኩና መኪና ከሚራገፍበት ከፍታ ጠርዝ ላይ ቆሜ ወደ ኋላዬ ተንጋለልኩ። ምን እንደሚያደርግ አላወቅኩም። ቀልዱን ለመንገርማ አልደፈርኩም። ዓይኔን ጨፍኜ ያዝ ብቻ አልኩ። ገመዱ ተወጠረ። ሳቂታው እያለቀሰ ይሰድበኛል፤ ነርሷ "ስድብ ጥሩ ምልክት ነው" አለች።

ዘበኛውን ወደ ሆቴሉ መልሰነዋል። ነገ ጠዋት ያንኑ ወንዝ እንሻገራለን፣ ከዚያም እንገባለን። መጀመሪያ የምሻገረው እኔ ነኝ፤ መሻገሪያውን የሚመርጠው ቀያሹ ነው። ከወንዙ ወዲያ ፖስታ የለም። ወንዙ ድረስ የሚያደርሰን ሾፌር ተሻግረን እስክናልቅ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንድ ቃል ጽፌ በገመዱ አሻግሬ በእሱ በኩል እልክልዎታለሁ። ካልመጣ ግን የመጋዘኑ ጠባቂ አድራሻዎን ይዟል።

እፈራለሁ እትዬ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ይልቅ ዛሬ እፈራለሁ፤ ያን ጊዜ የምፈራውን አላውቀውም ነበር። ደብዳቤዎቼን ለጋሼ ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል።

ልጅዎ ደንባራው


የካቲት 15

እትዬ፤

ያዘ።

ደንባራው


መጋቢት 10

ለልጄ፤

ይህ ደብዳቤ እንደማይደርስህ አውቃለሁ። የመጋዘኑ ጠባቂ ያስቀምጥልህ፤ ስትወጣ ከእጁ ትወስዳለህ። ስትወጣ ብያለሁ፣ ልብ በል። የረገጥከው ይደላደልልህ፣ የተሻገርከው ይጉደልልህ። ጎርፍ በሕልሜም በእውኔም ይታየኛል፤ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ይኸው፣ ቃሉን ጻፍኩት።

ወረቀትህ ሲመጣ ጋሼህ ደጅ ተቀምጦ ነበር። እንዳልከኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩለት፣ ወንዙንም፣ ውሸትህንም። ቀና ብሎ አላየኝም። መጨረሻ ላይ "ያዘ" ብዬ አነበብኩ።

"ድገሚው" አለኝ።

"ያዘ።"

"ማን?"

"ያ የሚስቀው ልጅ ነዋ። ያው የለቀቀው።"

ብድግ ብሎ ከግቢው ወጣ። እንደ ድሮው ነው ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን አናጺው የጉድጓድ ባልዲው ወደቀበትና ወርዶ ሊያወጣ ገመድ ያዥ ፈለገ። ሰው ሲጠራ ጋሼህ ከኋላዬ መጣ። ምንም ሳይል ገመዱን አነሳ። ተው ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ለአንተ የጻፍኩት ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። "ጫፉን ምሰሶው ላይ እሰሪልኝ" አለኝ። አሰርኩ። አናጺው ወረደ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጋሼህ ገመዱን እጁ ላይ አንድ ዙር ጠመጠመ፤ ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

"ቀልድ ንገሪኝ" አለ።

"የቱን?"

"የአባትሽን።"

አንድ ቀን ብቻ የሰማውን ቀልድ፣ የተቀጠረበትን! ነገርኩት። "ወንድሜ፣ ወደቅህ እንዴ?" አልኩ። "ኧረ እኔስ ድሮም እዚሁ ነኝ፤ ጉድጓዱን በላዬ ላይ ቆፍረውብኝ ነው!" ከአፉ የወጣው መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትከሻው ተናወጠ። ከታች አናጺው "ምን ተባለ? እኔም ልስማ እንጂ! ያዝ ብያለሁ፣ ያዝ!" ይላል።

ሰውዬው ባልዲውን ይዞ በደህና ወጣ። አባቴ እንዳስተማረኝ ቀልዱን ስነግረው ዓይኔ እጁ ላይ መሆን ነበረበት። እጁን አላየሁም ልጄ። ጥርሱን ነበር የማየው።

እትዬህ